ኮአርተም በጾም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ትኩሳቱ ተመለሰባት።

ትናንት እኮ ደህና ነበረች። ግቢውን ጠርጋ፣ ጸጉሯን ታጥባ፣ ነገ ኮሌጅ እሄዳለሁ ብላ ደብተሯን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። እኔም ተመስገን ብዬ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዝርቴን አንስቼ ጥጥ መፍተል ጀምሬ ነበር። ዛሬ ከቀትር በኋላ አስቴር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ «እማዬ፣ በረደኝ» አለችኝ። የእኛ የቆላው ሲቀላ ፀሐይ ድንጋይ በሚያቃጥልበት ሰዓት። ጋቢ ደረብኩላት። ሌላም ደረብኩላት። ጥርሷ መንቀጫቀጡን አላቆመም። እንዝርቱ ከእጄ ወድቆ የት እንደገባ አላውቅም።

የወባ መድኃኒቷን የጨረሰችው እሁድ ማታ ነው። ባለፈው አርብ ጤና ጣቢያ ደሟን አይተው ወባ ነው፣ ክፉው ዓይነት፣ ፒኤፍ የሚባለው ነው ብለው ኮአርተም ሰጧት። እኔው ራሴ ሰዓቱን እየጠበቅኩ አስዋጥኳት። አንድም ፍሬ አላስቀረሁም። ታዲያ ለምን ተመለሰ?

ዳዊትም የጀመረው እንዲህ ነው። በረደኝ ብሎ።

ልጄ ዳዊት በጥር ሞተ። ጫሞ ሐይቅ ዳር የሙዝ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። እሱ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ የዳዊት እናት ነበር የሚለኝ። ከቀብሩ ወዲህ የአስቴር እናት ይሉኛል። ተነጋግረው አይመስለኝም፣ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የለወጡት። እንዳይከፋኝ ብለው ነው። አባታቸው ልጆቹ ገና ሳሉ ነው ያረፈው። አሁን ያለችኝ አስቴር ብቻ ናት።

እሷም ከሄደች ምን ብለው ይጠሩኛል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ጤና ጣቢያ ሄደን በከንቱ ተመለስን። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ በረንዳው ላይ ሰው እንደ ስጥ ተሰጥቷል። መብራት ስለሌለ ማይክሮስኮፑ አይሠራም። ያ ፈጣኑ ምርመራ ደግሞ መድኃኒት ተውጦም ለብዙ ቀን ወባ አለ ስለሚል አያስተማምንም አሉን። ነገ ኑ ተባልን። አስቴርን ደግፌ ባጃጅ ውስጥ ሳስገባት ሰውነቷ በቀሚሴ በኩል አቃጠለኝ።

ቤት ስንደርስ ጥሩነሽ መጣች። ጥሩነሽ አጥራችን አንድ የሆነ ጎረቤቴ ናት፣ ዳዊት ሲሞት ከእኔ ጋር ያጠበችው። የአስቴርን ግንባር ነካ አድርጋ ታይፎይድ ነው አለች። ወባውማ በኮአርተም ሄዷል፣ የቀረው ታይፎይዱ ነው፣ እዚህ አገር ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት አለችኝ። ሄዳ ከልጇ የተረፈ ሲፕሮ ይዛ መጣች። የማዶው ሽማግሌም ሰምተው ክሎሮኪን ላኩልኝ፣ የድሮው መራራው ነው ፍቱኑ ብለው።

በእኛ ሰፈር መድኃኒት አይጣልም። ሲሻለን እናቆማለን፣ የተረፈውን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን፣ ጎረቤት ሲታመም እንደ እርሾ እንዋዋሳለን። እኔም አለኝ። የዳዊት ፌስታል ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ እጄ አልነካውም። ዛሬ አወረድኩት።

ሁሉንም ትሪ ላይ ዘረገፍኩት። ሲፕሮ፣ የጥሩነሽም የዳዊትም። አሞክሳሲሊን፣ ቀይና ጥቁር ቀፎው። ፍላጂል። ለትል ነው ያሉት አልቤንዳዞል። የተረፈ ኮአርተም፣ ቢጫ። የሽማግሌው ክሎሮኪን። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። የእንግሊዝኛውን ፊደል እየለቀምኩ ስማቸውን አነበብኩ። ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አይናገሩም። ክብ ናቸው፣ ሞላላ ናቸው፣ ነጭ ናቸው። ልጅ የሚያድነው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

ለዳዊት የግል ክሊኒክ ነበር መጀመሪያ የሄድነው። ታይፎይድ ብለው ሲፕሮ ሰጡት። እየዋጠ ጠበቅን። እየዋጠ መንገድ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ስናደርሰው ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል፣ ቆይታችኋል አሉኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ናት። ቆይታችኋል።

ወንድሜ ከዶርዜ ደወለ። ይዘሻት ወደ ላይ ነይ፣ ብርዱ ወባውን ይገድለዋል አለ። ቀጥሎም ያው የድሮው ነገር፣ ቆላ አትውረጂ ብለንሽ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት። ግን ደጋግሜ አሰብኩት። እውነት ለመናገር ሸማዋን ሁሉ አጥፌ ነበር።

ከዚያ ሲፕሮውን ፈልቅቄ በመዳፌ ያዝኩ። አላወቅኩም፣ ከጥሩነሽ ማሸጊያ ሳይሆን ከዳዊት ነው የወሰድኩት። አስቴር ዓይኗን ገልጣ ማሸጊያውን አየችው። እሱ አውራ ጣቱን አስደግፎ እንደሚያጥፈው ታጥፏል።

«ይሄ የዳዊት ነው» አለች። «አልውጠውም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፍሬዋ በመዳፌ ላብ ቀልጣ ጣቴን ነጭ አደረገችው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

የምጽፈው ሆስፒታል ወለል ላይ ተቀምጬ ነው።

ጠዋት አስቴርን ለጥሩነሽ ትቼ ፌስታሉን ይዤ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ያለው ፋርማሲ ሄድኩ። ሁሉንም መስታወቱ ላይ ዘረገፍኩት። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ «ማዘር፣ ሌላ ፋርማሲ ሊከፍቱ ነው?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ባለ ፋርማሲዋ ግን አልሳቀችም። ወጣት ናት፣ በአነጋገሯ ጎጃሜ። ለማን ነው እናቴ አለችኝ። ለልጄ አልኳት። የትኛው ልጄ እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ።

በጣቷ እየገፋች ለየቻቸው። ሲፕሮውንና አሞክሳሲሊኑን ወደ አንድ ጥግ፣ እነዚህ ለባክቴሪያ ናቸው፣ እነሱም ቢሆኑ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ለሳንባ የሚሰጠው ለሽንት ላይሆን ይችላል አለች። ፍላጂሉን ለብቻው፣ ለአሜባና ለጃርዲያ። አልቤንዳዞሉን ለወስፋትና ለመሰሉ ትሎች። ኮአርተሙንና ክሎሮኪኑን ለወባ፣ ግን ወባውም አንድ አይደለም፤ ክሎሮኪኑ ፒቪ ለሚባለው ነው፣ ፒኤፍ ያልሽኝን የልጅሽን አይነካውም አለችኝ።

«ታዲያ ትኩሳት የሚያበርደው የቱ ነው?» አልኳት።

«እናቴ፣ እነዚህ ትኩሳቱን አያዩትም። ትኩሳቱን ያመጣውን ነው የሚያዩት። እሱ ደግሞ በደም ምርመራ እንጂ በዓይን አይታወቅም።»

ዳዊት ትዝ አለኝ። የሙዙን ሥር ለሚበላው ነቀዝ የሚረጨውን ቅጠሉን ለሚያደርቀው ብትረጪው ገንዘብሽን ነው ያረጠብሽው ይል ነበር። ለሙዝ ያውቅ ነበር ልጄ።

ኮአርተሙን እኮ ጨርሳለች አልኳት። አንድም አላስቀረችም፣ አላስታወከችም። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ጠየቀችኝ።

«በምን ነበር የምትውጠው?»

በውሃ አልኳት። አንዳንዴ በሻይ።

«ጾመኛ ናት?»

ጾመኛ ናት? ከጾመኛም በላይ ናት። አስቴር ሑዳዴ ሲገባ ተስላለች። ወንድሜ ንስሐ ሳይገባ፣ ሳይቆርብ ነው የሄደው ብላ ለእሱ ነፍስ እስከ ፋሲካ ዘይት ላትቀምስ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ከዚያ ኩርኩፋ ነው፣ የበቆሎ ዱቄቱን ከሽፈራው ቅጠል ጋር በጨው ቀቅዬላት። ለውዝ የለ፣ ተልባ የለ። ሲያማት እንኳ አላቋረጠችም። እኔም ዝም አልኳት። ለልጄ የሚጾምለት ሰው በማግኘቴ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለ ፋርማሲዋ እኔም ጾመኛ ነኝ አለችኝ። ነገር ግን ኮአርተም ቅባት ይፈልጋል፣ በባዶ ሆድ ወይም ቅባት በሌለው ምግብ ከተዋጠ ብዙው ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል አለች። ወተት፣ ወተት ካልሆነ ለውዝ ወይም አቮካዶ። ጤና ጣቢያ ነግረውን ይሆናል፣ በዚያ ጫጫታ ምግብ በልታ ትዋጥ የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ምግብ ደግሞ በልታለች። ኩርኩፋ።

ግቢያችን ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ፍሬው እየወደቀ ዶሮ ይጭረዋል።

ባለ ፋርማሲዋ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት፣ ከዚህ ውስጥ አንድም እንዳትሰጫት አለችኝ። ፌስታሉን ሰብስቤ ስንት ሰው አልፌ እንደወጣሁ አላውቅም። ቤት ስደርስ ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ትቀባዥራለች አለችኝ። ገባሁ። አስቴር አየችኝና «ዳዊት፣ በሩን ዝጋው» አለች።

አርብ፣ መጋቢት 19። ገብርኤል

በመርፌ እየሰጧት ነው። አርቴሱኔት ይባላል። መዋጥ ለማይችል ነው። ግሉኮስም ሰቅለውላታል። ወባው ደሟ ውስጥ ብዙ ነው አሉ፣ ያው ክፉው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ምናልባት የመጀመሪያው መድኃኒት በደንብ አልገባም ይሆናል፣ ምናልባትም ሌላ ምክንያት ይኖራል፣ እርግጠኛ መሆን አልችልም አለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ሐኪም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያኛው ክሊኒክ እርግጠኛ ነበር።

ለመጠየቅ ቀኑን ሙሉ ፈራሁ። ሲወጣ እጅጌውን ያዝኩት።

«ቆይተናል?»

አስቴርን አያት፣ ከዚያ እኔን። «በጊዜ ነው የመጣችሁት ብዬ አስባለሁ» አለኝ።

አስባለሁ ነው ያለው። ቃሏን አንጠልጥዬ አመሸሁ።

አስቴር ዛሬ አላወቀችኝም። አንዴ የዳዊትን ስም፣ አንዴ የኮሌጅ ጓደኛዋን ስም ትጠራለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በጥጥ እያራስኩ ገብርኤልን ለመንኩት። ልመናዬ አጭር ነበር። አንዱን ሰጥቼሃለሁ አልኩት።

እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። ብያለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

«እማዬ፣ የት ነን?»

ይሄን ያለችኝ ማለዳ ነው። ዓይኗ ጠርቷል። ሆስፒታል ነን አልኳት። ፌስታል የያዝሽው ለምንድነው አለችኝ። ለካ የዳዊትን ፌስታል እስካሁን ከክንዴ አልፈታሁትም።

ውሃ ጠጣች። ሽንቷን ሸናች። ትኩሳቷ ወረደ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ስጽፍ እንደ ሠርግ ደስ አለኝ።

ግን ደስታዬ ምሳ አልደረሰም። ሐኪሙ መርፌው ያበቃል፣ ከነገ ጀምሮ ኮአርተሙን እንደገና ከመጀመሪያው ትውጣለች፣ ይሄ ካልተጨመረ ወባው ሊመለስ ይችላል አለ። በዚህኛው ጊዜ ግን በወተት ወይም ቅባት ባለው ምግብ። አስቴር ሰማችው።

ጥሩነሽ ከሰዓት ወተት በፔርሙስ ይዛ መጣች። እሷ ጴንጤ ስለሆነች በሑዳዴም ቤቷ ወተት አይጠፋም። አስቴር ራሷን ስትነቀንቅ «ጠጪ ልጄ፣ ላሚቱም እንደኔ ጴንጤ ናት፣ ጾም መሆኑን አላወቀችም» አለቻት። የአጠገባችን አልጋ አስታማሚዎች ሳቁ። አስቴርም ፈገግ አለች። ግን አልቀመሰችም።

እሺ ወተቱ ይቅር፣ አቮካዶ ጾም ነው፣ አቮካዶ ብዪ አልኳት። ስለቴ ቅባት የለውም አለችኝ። ዳዊትን በግማሽ ልጹምለት? አለችኝ።

ለመንኳት። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ድምፄ ወጣ። «አንዱን በሽታ ቀበረብኝ፣ አንቺን ደግሞ በጾም ልቅበርሽ?» አልኳት። አስቴር አንሶላውን ወደ ፊቷ ሳበችው። ከሥሩ ስታለቅስ ትከሻዋ ብቻ ይታየኛል።

መድኃኒቱ አለ። ስሙን አውቄዋለሁ፣ ሥራውን አውቄዋለሁ፣ ትክክለኛው እሱ ነው። በእጄ ይዤው ልጄ አትውጠውም። ዳዊት ያገኘው የማይሆነውን ነበር። እሷ የሚሆነውን አግኝታ እንዲሁ ልትቀር ነው።

ወንድሜ ደግሞ ደወለ። አላነሳሁትም።

እሁድ፣ መጋቢት 21። ማርያም

የነፍስ አባታችን ቅዳሴ እንደወጡ መጡ። ጥሩነሽ ናት በባጃጅ ሄዳ ያመጣቻቸው። በር ላይ ቆማ እንደጠበቀቻቸውና ምእመናኑ በዓይናቸው እንደበሏት ነገረችኝ። እኔም መልሼ አየኋቸው ነው ያለችኝ።

አባ መስቀሉን አሳልመው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለታመመ ጾም እንደሌለ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደማታስገድድ ቀስ ብለው ነገሯት። አስቴር አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። አውቃለሁ አባ አለች። የሑዳዴውን አውቃለሁ። እኔ ግን ለዳዊት ነው የተሳልኩት።

«መድኃኒቱ ቅባት ከፈለገ» አሉ አባ፣ «ቅባቱም መድኃኒት ነው። ስለቱን እኔ ፈትቼልሻለሁ።»

አስቴር ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ትንሽ ልጅ ሳለች ዳዊት ትምህርት ቤት ሲሄድ ከኋላው እያየች የምታሳየው ፊት ነበር።

«ታዲያ ለዳዊት ማን ይጾምለታል?»

አባ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ቃሉ ከእኔ አፍ ሲወጣ እኔም አላሰብኩትም።

«እኔ» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ኩርኩፋው የኔ ነው። እስከ ፋሲካ። ስለትሽን ለኔ ስጪኝ።»

ብዙ አየችኝ። ትችያለሽ ወይ የምትል መሰለኝ። አባን አየቻቸው፣ እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ወተቱን አሁንም እንቢ አለች። ሑዳዴ ሑዳዴ ነው አለች። ማለዳ ቤት ደርሼ ከግቢያችን ያመጣሁትን አቮካዶ ግን ተቀበለችኝ። ሁለት ቦታ ሰንጥቄ በማንኪያ ቧጥጬ አጎረስኳት። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከዚያ ኮአርተሙን ዋጠች። ቢጫዎቹን ፍሬዎች ጉሮሮዋ ላይ ሲወርዱ እያየሁ ነበር። አስታወከች አላስታወከች እያልኩ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ። አላስታወከችም።

የጥሩነሽን ወተት የአጠገባችን አልጋ ሰውዬ ጠጣው። የላሚቱን ሃይማኖት አልጠየቀም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ቤት ነን። ትናንት አስወጡን። ደሟን አይተው ወባው አልታየም አሉ፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ኑ፣ ከዚያ በፊት ትኩሳት ከመጣ ማንንም ሳትጠይቁ ወዲያው ኑ። የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ዛሬ ማታ በአቮካዶ ትውጣለች።

ጠዋት ፌስታሉን ለባለ ፋርማሲዋ ወሰድኩላት። እሷ ናት ያን ዕለት ስወጣ በኋላ አምጪው፣ በደንብ እንዲወገድ እናደርጋለን ያለችኝ። ሰጠኋት። የዳዊት ጣት ያጠፈውን ማሸጊያ ፍሬውን አውጥቼ ባዶውን ብቻ አስቀረሁ። መድኃኒት የለውም፣ ማንንም አይጎዳም።

ጥሩነሽ ሲፕሮዬን መልሺልኝ አለችኝ። እሱንም አብሬ ሰጥቼዋለሁ። ተቆጣች፣ ለክፉ ቀን እኮ ነበር አለች። ክፉውን ቀን የሚያመጣው እሱ ነው አልኳት። አኩርፋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሽፈራው ቅጠል ቀጥፋ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ፣ ለኩርኩፋሽ ብላ።

ኩርኩፋ ያለ ዘይት ጉሮሮ ይይዛል። አስቴር ይሄን ሁሉ ቀን አንድም ሳታማርር እንዴት በላችው? ስበላ ዳዊትን አሰብኩት። አላለቀስኩም። አንድ ነገር እየሠራሁለት ስለሆነ ይሆናል። ለሞተ ልጅ የሚሠሩለት ሥራ የለም፣ እናት የሚከብዳት እሱ ነው።

ግንባሯን መንካት ግን መተው አቃተኝ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እነካታለሁ። አሁን ማምሻውን ከማጀት ወጥቼ እጄን ሳሳርፍባት ትኩስ ሆነብኝ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ደግሜ ነካኋት፣ ትኩስ ነው። ጋቢውን ፍለጋ ስነሳ አስቴር እጄን ይዛ አስቀረችኝ። መዳፌን ገልብጣ ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ በራሴ ጉንጭ ላይ።

«እማዬ፣ ከምድጃ እኮ ነው የመጣሽው» አለችኝ። «የሚያቃጥለው እጅሽ ነው።»

ትኩስ ማሰሮ ይዤ ነበር፣ እውነቷን ነው። እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬዋለሁ። ሲበርድ እንደገና እነካታለሁ።